የታዙኮ ግማሽ

ኪታካታ ከተማ ውስጥ ራመን፣ ያ በትኩስ መረቅ የሚቀርበው ኑድል፣ የጠዋት ምግብ ነው። የሌላ ከተማ ሰው በባዶ ሆድ መረቅ መጠጣት ይከብዳል ይላል፤ ይክበደው። ከደጁ በረዶ ዝቆ ለገባ ሰው ከዚያ የተሻለ ቁርስ የለም። ኢሳኩም በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አይከራከርም ነበር። በሌላው ሁሉ ይከራከራል።

ኢሳኩ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማዋን ወፍራም የመጋዘን ግድግዳዎች ሲለስን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እሱና ሚስቱ ታዙኮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል፣ ከቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ካለው ከፉሚኤ ራመን ቤት ጠፍተው አያውቁም። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ባለ ሁለት ወንበር ጠረጴዛ የእነሱ ነበረች። እሱ ትንሹን ሳህን ያዛል፤ እሷ ሙሉውን።

ትንሹን ማዘዙ የኢሳኩ ኩራት ነበር። «ርብራብ ላይ የሚወጣ ሰው ሆዱን አይሞላም» ይላል። ይህን የሚለው ከርብራብ ከወረደ አሥራ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑን ማንም አያስታውሰውም፤ ቢያስታውሰውም አይሰማም። ትልቁን ሳህን ታቅፎ ላቡን የሚጠርግ ሰው ካየ ሳይነካው አያልፍም። በተለይ አብሮ አደጉን ሾሄይን፣ ከሩዝ መጠጥ ጠማቂዎች ቤት ጡረታ የወጣውን፣ እህሉን በሰላም አያስውጠውም ነበር።

«ቀበቶህን ፈታ አድርገው እንጂ ወንድሜ። ለመሆኑ ስንት ወር ቀረህ?»

«መንታ ናቸው አሉኝ፣ ስለዚህ ለሦስት እየበላሁ ነው» ይላል ሾሄይ፣ ቀና ሳይል። «አንተ የድመትህን ድርሻ ብላና ዝም በል።»

ሳህኖቹ ሲመጡ ታዙኮ ዘወትር የምታደርጋት አንድ ነገር ነበረች። መብያ እንጨቶቿን ትገለብጣቸዋለች፤ አፍ በሚነካው ጫፍ ለሌላ ሰው አንስቶ መስጠት ነውር ነውና። ከዚያ ከሳህኗ ላይ ኑድሉን ግማሽ ያህሉን አንስታ ባሏ ሳህን ውስጥ ትከትለታለች። ከሥጋው ቁራጭም ትልቁን መርጣ ትደርብለታለች።

«ጠገብኩ። በሞቴ፣ አንተ ብላልኝ።»

ኢሳኩ ያኔ ይነሳበታል። «የማትጨርሺውን ለምን ታዣለሽ? ይሄን ሁሉ ዓመት የገዛ ሆድሽን ሳታውቂው!» ቤቱ ሁሉ ይሰማል። «ከእንግዲህ ትንሹን እዘዢ ብያለሁ!»

«እሺ፣ በሚቀጥለው» ትላለች ታዙኮ።

«ምግብ ማስተረፍ ነውር ሆኖብኝ እንጂ እኔስ አልፈልገውም» ይልና አንዲት ክር ሳያስቀር ጠራርጎ ይበላዋል። የሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ታዙኮ ሙሉውን ታዛለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሄደ።

ታዙኮ በኅዳር ሞተች። ጠዋት ልብስ ልታሰጣ ደጅ ወጣች፣ ሻይ አምጪ ብሎ ቢጣራ መልስ አጣ፤ ሲወጣ ከማስጫው ሥር ወድቃ አገኛት። የልብ ነው አሉት። ልጅ አልነበራቸውም። አስከሬኗ ከተቃጠለ በኋላ አጽሟ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለች ሣጥን ሆና ለሞቱ ዘመዶች ምግብ ከሚቀርብበት ከቤቱ መሠዊያ ፊት ተቀመጠች። በዚያ አገር መቃብሩ ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ስለሚዋጥ፣ ኅዳር የሞተ ሰው ቤቱ ተቀምጦ መጋቢትን ይጠብቃል።

ኢሳኩ ኀዘኑ ሲበርድ ብቻውን ወደ ራመን ቤቱ ተመለሰ። ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠ፣ ትንሹን አዘዘ፣ በላ፣ ወጣ። ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ራበው።

በሁለተኛው እሑድም ራበው። በሦስተኛውም። ኀዘን የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ሲሉ ሰምቷል፤ ሚስቱ የሞተችበት ሰው እንዲህ ሲርበው ሰው ቢያውቅ ምን ይላል? አፈረ። ለማንም ሳይናገር ከረመ። ቤት ገብቶ ሆዱ ሲጮህ ታዙኮ ትናፍቀዋለች፤ ስትናፍቀው ደግሞ የሚቆጣት ሰው ስለሌለ በሣጥኗ ላይ ያፈጥጣል። ድምፅዋ ሳይቀር እየራቀበት መጣ። የቀረችው ያቺ «በሞቴ» የምትላት ብቻ ነበረች።

የካቲት መግቢያ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ትዕግሥቱ አለቀ። ሳህኑን እስከ መጨረሻዋ የመረቅ ጠብታ ጠጥቶ ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ ጠቅ አድርጎ አስቀመጠው።

«ፉሚኤ!»

«አቤት፣ ኢሳኩ ሳን» አለችው፤ «ሳን» በዚያ አገር የአክብሮት መጠሪያ ነው። ፉሚኤ ስድሳ ዓመት የሞላት፣ ክንደ ብርቱ ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምድጃውን ብቻዋን ይዛዋለች። ከምድጃው በላይ ባሏ በእጁ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ኑድል ሰው አይጠብቅም» ይላል። ሳህኑ ፊት ወሬ የሚያበዛ ሰው ከተገኘ ፉሚኤ በጭልፋዋ ወደ ወረቀቱ ትጠቁመዋለች። አንዴ ስልኩን ይዞ ኑድሉ እስኪያብጥ ሲያወራ የነበረን ነጋዴ፣ ሳህኑን ከፊቱ አንስታ በሩን አሳይታዋለች።

«ባልሽ ሲሞት ይሄን ቤት አደራ ብሎሽ አልነበረም?»

«ብሎኛል።»

«ታዲያ ኑድሉን ለምን ቀነስሽው?»

ኑድል የሚሳብበት ድምፅ ሁሉ ባንዴ ቀጥ አለ። በዚያ ቤት ከዚህ የከፋ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። የፉሚኤ ፊት ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። አንዲት ቃል ሳትናገር ከማዕድ ቤቱ ሚዛኑን አምጥታ ኢሳኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ከኑድሉ ማስቀመጫም ለትንሹ ሳህን የተጠቀለለች ጥሬ ኑድል አምጥታ ላዩ ላይ ጣለችው።

«ያንብቡ።»

«መቶ ግራም» አለ ኢሳኩ።

«ባሌ እያለም መቶ ነበር። አማቴ እያሉም መቶ ነበር።»

«እንግዲህ ሚዛኑንም ቀንሰሽዋል በላት!» አለ ሾሄይ ከጥግ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ኢሳኩ ግን አልሳቀም። «እና ለምንድነው የሚርበኝ?» አለ፤ ድምፁ ሳያስበው ተሰባበረ። «ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሳህን ጠግቤ ወጥቻለሁ። አሁን ለምንድነው የሚርበኝ?»

ፉሚኤ ትኩር ብላ አየችው። ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ሚዛኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ በታዙኮ ወንበር ጫፍ ላይ ልትቀመጥ አለችና ተወችው፤ ቆማ ቀረች።

«ትንሹን በልተው አያውቁም እኮ፣ ኢሳኩ ሳን።»

«ምን?»

«አንድ ቀን እንኳ በልተው አያውቁም። ትንሹንና የታዙኮ ሳንን ግማሽ ነበር የሚበሉት። ያ ደግሞ ከሾሄይ ሳን ሳህን ብዙም አይርቅ።»

ሾሄይ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የኢሳኩን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው።

«እሷ ቶሎ ስለምትጠግብ ነው» አለ ኢሳኩ።

«ሳትቀምሰው?» አለች ፉሚኤ። «እንጨቷን ገልብጣ ስትሰጥዎ አንዴ እንኳ ቀምሳው ታውቃለች? ሳይበላ የሚጠግብ ሆድ የት አለ?»

ኢሳኩ ወደ ባዶው ወንበር ዞረ።

«አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ። ለምን በግልጽ ትልቁን እዘዝ አትዪውም አልኳት። ሳቀችብኝ። ‹እዚያ ርብራቡ ላይ እንዳለ ይቆይልኝ፤ ደስ ይለዋል። እኔ ቤት ስገባ እበላለሁ› አለችኝ።»

ኢሳኩ ኮቱን አንስቶ ወጣ። መጎናጸፊያውን ወንበሩ ላይ ረስቶት ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ በቀጥታ ማዕድ ቤት ገባና መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። እሑድ እሑድ ከራመን ቤት ሲመለሱ እሱ ሆዱን እየደባበሰ ማሞቂያ ካለው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ሥር እግሩን ዘርግቶ ጋዜጣ ይዘረጋል። ከማዕድ ቤት የሳህን ኮሽታ ይሰማ ነበር። አንዴ ክብሪት ፍለጋ ሲገባ ታዙኮ ቆማ በቀዝቃዛ ሩዝ ላይ ትኩስ ሻይ አፍስሳ በጥድፊያ ስትበላ አግኝቷት ነበር። ሳህኑን ወደ ኋላዋ ልትሸሽገው ሞከረች። «ከአባትህ መሠዊያ የወረደው ሩዝ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለችው። እሱ ምን አላት? «ቅድም ጠገብኩ ስትይ አልነበር?» ብሎ ክብሪቱን ይዞ ወጣ። ሌላ ነገር አላላትም። ይህን ሁሉ ዓመት ትዝ ብሎት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን የሩዙ ሽታ ሳይቀር መጣበት።

ሣጥኗ ፊት ተንበረከከ። «ታዙኮ፣ ይቅርታ» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ ደረቀ ልስን ፍርክስክስ አለበት። ስለ ኑድሉ ብቻ ቢሆን ይሄ በበቃ። እሱ ግን በየሳምንቱ ሰው ፊት አዋርዷታል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ የሚከፈል ነገር አልመሰለውም። እሷ የተሰደበችው ቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው።

ከዚያ በኋላ አምስት እሑድ ሙሉ ራመን ቤቱ ደጅ አልደረሰም። ሾሄይ መጎናጸፊያውን ይዞለት መጥቶ ነበር።

«ፉሚኤ ሚዛኑን ጣለችው፣ ና» አለው ከበር ላይ።

«አልመጣም።»

«እኔን የሚሰድበኝ ሰው ጠፍቶ ምግቡ አልወርድ ብሎኛል። ለእኔ ስትል ና።»

«ሂድ፣ ሾሄይ» አለ ኢሳኩ፤ ሾሄይም መጎናጸፊያውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞለት ሄደ።

በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ የዘመዶቹን መቃብር በሚያጸዳበት ሳምንት፣ በረዶው ቀለጠ። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ለአጽሟ ቀብር እሑድ አራት ሰዓት ቀጠሩት። ኢሳኩ ጥቁር ሱፉን ለበሰ፤ ሣጥኗን በነጭ ጨርቋ እንዳለች ደረቱ ላይ ታቅፎ ከቤት ወጣ። ወደ መቃብሩ በግራ ነው የሚኬደው። እሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ የራመን ቤቱን የበር መጋረጃ በትከሻው ገልጦ ገባ። የታቀፈውን ያየ ሰው ሁሉ እንጨቱን አስቀመጠ። ኢሳኩ ሣጥኗን ከመስኮቱ ሥር፣ በታዙኮ ወንበር ላይ አኖራትና ከፊቷ ተቀመጠ። ፉሚኤ ውኃ ይዛ መጣች፤ ሁለት ብርጭቆ ነበር ያመጣችው።

«አንድ ሙሉ» አለ ኢሳኩ። «እና አንድ ባዶ ሳህን።»

ፉሚኤ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሣጥኗን አየች። ሁለት ጊዜ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ሳህኑ መጣ፤ እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። የደረቅ ዓሣውና የአኩሪ አተሩ ሽታ አፍንጫው ሲገባ ሆዱ ጮኸ፤ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበር። ቢሆንም አልቀመሰውም። እንጨቶቹን ገለበጣቸው። በሕይወቱ እንዲህ አድርጎ ለሰው ሰጥቶ አያውቅምና እጁ አልታዘዘው አለ፤ መጀመሪያ ያነሳው ኑድል ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ማንም አልሳቀም። እንደገና አነሳ። ኑድሉን ግማሽ ያህል ወደ ባዶው ሳህን አሻገረ፣ መረቅ ጨመረበት፣ ከሥጋውም ትልቁን ቁራጭ መርጦ ደረበበት። ሳህኑን ወደ ሣጥኗ ገፋው።

«ጠገብኩ» አለ ኢሳኩ፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። «በሞቴ፣ አንቺ ብዪልኝ።»

ከዚያ የራሱን ግማሽ መብላት ጀመረ። እንባው መረቁ ውስጥ ይንጠባጠባል፤ እሱም አብሮ ይጠጣዋል። ሾሄይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አፍንጫውን በወረቀት ይጠርግ ነበር። የታዙኮ ሳህን እንፋሎቱ ቀጠነ፣ ኑድሉ መረቁን እየጠጣ አበጠ፣ መጨረሻ ላይ እላዩ ላይ የስብ ድር ሠራ። ፉሚኤ ከባሏ ወረቀት ሥር ቆማ፣ የጸዳውን መክተፊያ መልሳ መላልሳ ትወለውላለች። ጭልፋዋን ግን አላነሳችም።

ኢሳኩ ጨረሰ። የታዙኮን ሳህን ለብዙ ጊዜ አየው። ምግብ ማስተረፍ ነውር ነው ሲል የኖረው ሰው ያን ቀን ከዚያ ሳህን አንዲት ክር አልነካም። ተነሣና ሣጥኗን ታቀፈ።

ፉሚኤ በሩ ድረስ ሸኘችው፤ እጆቹ ስለተያዙም መጋረጃውን ገለጠችለት።

«ጠገቡ፣ ኢሳኩ ሳን?» አለችው፣ እንደ ልማዷ።

«አልጠገብኩም» አለ ኢሳኩ። ሣጥኗን ጠበቅ አድርጎ ወደ ግራ፣ በመቃብሩ መንገድ ሄደ።