ከስምንት ሰዓት በኋላ አረቄ አይቀዳም

በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞቱ። አምስቱንም ብርድ ገደላቸው ተባለ። ከጓሳ ሣራማ ተራራ ግርጌ ባለችው በዚያች ቀበሌ ብርድ ሰው መግደሉ እንግዳ ነገር አይደለምና ማንም አልጠየቀም። ተቀበሩ፣ ተዝካራቸው ወጣ፣ በተዝካሩም ላይ አረቄ ተጠጣ።

የጠየቀችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትሕትና ነበረች። መዝገቧን ስታገላብጥ አምስቱም የሞቱት ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን መሆኑን አየች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ተነሥታ፣ ብርዱ ከሰኞ እስከ ዓርብ የት እንደሚሰነብት ጠየቀች። የመለሱላት አቶ ጫኔ ነበሩ፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ነገር አዋቂ፣ የአረቄም ወዳጅ።

«ብርዱም እንደኛ ገበያተኛ ነዋ፣ ልጄ» አሏት። ሕዝቡ ሳቀ፤ ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

ትሕትና ከወረዳ እርዳታ ጠየቀች። ጠርሙስ በቀይ የተሰረዘበት ትልቅ ፖስተር ተላከላት። ከስድስቱ አረቄ ቤቶች ትልቁ የወይዘሮ ወሰንየለሽ ነበርና እሳቸው ዘንድ ወሰደችው። ሴትዮዋ አመስግነው ተቀበሉና ነፋስ በሚያስገባው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ቤቱ ሞቀ፤ ጠጪውም ቆይታውን አረዘመ።

ትሕትና ይህን ስትሰማ ልትጣላቸው ሄደች። ሴትዮዋ ግን እንዳሰበቻቸው ሆነው አላገኘቻቸውም። ከሟቾቹ ሁለቱ የመጨረሻዋን መለኪያ የጠጡት እዚያው ቤት ነበር፤ ወይዘሮ ወሰንየለሽም ያንን መርሳት አልቻሉም።

«በቃህ ብዬ የሸኘሁት ሰው ጎረቤቴ ቤት ይገባል» አሏት። «እኔ ብቻዬን ብዘጋ ሰውየው አይተርፍም። ሁላችንንም በአንድ ላይ ዝጉ በሉን። የጓሳ ሣር ሲዘጋ ማን ደፍሮ ያጭዳል?»

እውነት ነበር። በዚያ አገር ሽማግሌዎች ጓሳውን ከዘጉት ለዓመታት ማጭድ አይገባበትም። ትሕትና ወደነዚሁ ሽማግሌዎች ሄዳ፣ ለሣር ያወጡትን ሕግ ለሰውም እንዲያወጡ ለመነቻቸው። ሦስት እሑድ ተከራክረው ተስማሙ። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ በአረቄ ቤትም ሆነ በማንም ቤት፣ መንገድ ለሚጠብቀው ሰው አረቄ አይቀዳም፤ የቀዳ ከእድር ይወጣል። አጥብቀው የተቃወሙት አቶ ጫኔ ነበሩ። ሽማግሌዎቹም እሳቸውን ዝም የሚያሰኙበት ሌላ ዘዴ ስላጡ የሕጉ ጠባቂ አድርገው ሾሟቸው።

ሹመት ሰውን ይለውጣል። አቶ ጫኔ የራሳቸውን ሁለት መለኪያ ከሰባት ሰዓት በፊት ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደሳቸው አረቄ የሚጠላ አይገኝም። ስምንት ሰዓት ሲሆን በየደጁ ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ያኔ ጠርሙሱ ይነሣል። ጠጪዎቹ ሕጉን ለመቅደም በጠዋት ገበያ መውጣት ጀመሩ። በጠዋት ሰከሩ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተንገዳገዱ ቤታቸው ገቡ። ትሕትና ያሰበችው ይህን አልነበረም፤ ቢሆንም የሞተ የለም።

በጥቅምት ለአቶ ጫኔ ልጅ ለኮከቤ ሽማግሌ ተላከ። የወንዱ ልጅ አባት አቶ ባስልዮስ ራሳቸው፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ከጓሳ ማዶ በፈረስ መጡ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሰዓቱም ከስምንት አልፏል። በማግሥቱ የደብራቸው ንግሥ ስለሆነ ማደር እንደማይችሉ ገና ሲገቡ ተናገሩ። ጉዳያቸው ቶሎ አለቀ፤ ልጅቷ ተፈቀደችላቸው። የአቶ ጫኔ ሚስት ወይዘሮ አረጋሽ ደስ ብሏቸው ጠርሙሱን ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ባላቸው በእጃቸው መለሷቸው።

«ስምንት ሰዓት አልፏል» አሉ አቶ ጫኔ።

አቶ ባስልዮስ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሌላ የሚስቅ ሰው ሲያጡ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«በገዛ ቤትዎ እኮ ነው፣ አቶ ጫኔ።»

«ሕጉ ቤት አይመርጥም። ገንፎ በቅቤ አለ፣ ትኩስ ወተት አለ። አረቄ ግን አይቀዳም።»

እንግዶቹ ገንፎውን አንገታቸውን ደፍተው በሉ፤ መርቀው ሳይጨርሱም ፈረሶቻቸውን ጫኑ። ኮከቤ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ወይዘሮ አረጋሽ ባላቸውን ማነጋገር ተዉ። አመሻሹ ላይ ጉም ጓሳውን ሸፈነው፣ ውርጭም ወረደ። አቶ ጫኔ ደጋግመው ደጅ እየወጡ ወደ ጓሳው አዩ፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን እንግዶቹ በደኅና መግባታቸው ተሰማ። አብሮም የአቶ ጫኔ ስስት በማዶው አገር ሁሉ መወራቱ ተሰማ። አቶ ጫኔ ወደ ጤና ኬላው ሄደው ከትሕትና ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ቀድቼላቸው ቢሞቱ፣ ብርድ ገደላቸው ተብሎ እኔ ደግ ሰው እባል ነበር» አሏት። «አልቀዳሁም፣ በደኅና ገቡ፤ ስስታም ተባልኩ። ይህን ሥራ ነው የሰጣችሁኝ።»

ያን ሰሞን ትሕትናም ለወረዳው፣ ሕጉ ከወጣ ወዲህ መንገድ ላይ የሞተ ሰው እንደሌለ ጽፋ ነበር። ወረዳው ተደስቶ፣ ፖስተሩ ውጤት ስላመጣ ሌላ አርባ ላከላት።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የማዶዎቹ ሽማግሌዎች እሑድ እንዲሆን አጥብቀው ለመኑ፤ እሑድም ሆነ፤ አረቄውም እንደልብ ተቀዳ። አቶ ባስልዮስ መለኪያቸውን እንደያዙ በሙሉ ዳሱ ፊት ቅሬታቸውን አሰሙ። ያን ዕለት ሆዳቸውን የሚያሞቅ ነገር ስላልተሰጣቸው ፈረስ ላይ መቀመጥ አቅቷቸው ነበር። እግራቸው እንዲሞቅ ብለው ወርደው ፈረሱን እየሳቡ ሲሄዱ፣ በጉሙ መሃል መንገድ ስተው ገደል አፋፍ ላይ ደርሰው ነበር። በእግራቸው ስለነበሩ አዩትና ተመለሱ።

«እኔን የሚያህል ሰው፣ በዚያ ውርጭ፣ በእግሬ!» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ።

ትሕትና ወደ አቶ ጫኔ ዞር አለች። አልሳቁም፤ አልተናደዱምም። ጠርሙሱን አንሥተው የአዲሱን ዘመዳቸውን መለኪያ እየሞሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ገደሉ ምን ያህል ይርቅዎት ነበር?»

«አንድ እርምጃ» አሉ አቶ ባስልዮስ፣ ወደ ቅሬታቸውም ተመለሱ።