ሰላም በሉልኝ ብላለች

ሊፍት ጠጋኙ ምሳውን የሚበላው ማንም በማያውቀው ቦታ ነው። ይህን ስላችሁ ሰውዬው ኩሩ ነው እንዳትሉ፤ ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗል፣ ነገሩ ይኸው ነው። በከተማው ውስጥ ከበሩ በላይ ቀይ ጥላ የሚዘረጋ የጣሊያን ምግብ ቤት አለ። አንድ ቤት አይደለም፣ አሥራ አንድ ቅርንጫፍ ነው። በአንዱ የበላ በሁሉም በላ ማለት ነው፤ ወንበሩ ያው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የወይን ዘለላ ሥዕል ያው፣ ላዛኛውም በአንድ ልክ ተቆርጦ ያው። የሊፍት ሥራ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚያዞር ስለሆነ፣ የትም ሕንፃ ላይ ቢውል ስድስት ሰዓት ሲሆን የእጁን ግራሶ አስለቅቆ በአቅራቢያው ወዳለው ቀይ ጥላ ይገባል።

በር ላይ የምትቆመው ልጅ፣ "ስንት ሰው ነዎት?" ትለዋለች።

"አንድ።"

ወስዳ ታስቀምጠውና ከፊት ለፊቱ ያለውን ሁለተኛውን ሹካና ብርጭቆ ታነሳለች። መጀመሪያ ሰሞን ያቺ ሹካ ስትነሳ ፊቱን ያዞር ነበር፤ ኋላ ለመደው። እዚያ ቤት "ምነው ጠፋህ?" የሚለው የለም፣ "ባለቤትህስ?" የሚለው የለም። የሚጠይቁት ስንት ሰው እንደሆነ ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ነው። ያንን ላዛኛ እኔም በልቼዋለሁ፤ ክፉ አይደለም፣ ደግሞም አይናፍቅም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ግን የሚናፍቅ ነገር መች አነሰው? ትኩስ ከሆነ ይበቃዋል።

ከሚስቱ ጋር የሚበሉበት ቤት ሌላ ነበር። ሚስቱ መድኃኒት ትሸጥበት ከነበረው ሱቅ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ያላት የጣሊያን ምግብ ቤት አለች። ባለቤቷን ሰው ሁሉ እትዬ ይላታል። እትዬ ሙያውን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ አባቷ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በአንድ ጣሊያናዊ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ የኖረ ሰው ነበር። ሊጡን በእጇ ትዳምጣለች፣ ስጎውን ከማለዳ ጀምራ በዝግታ ታንተከትከዋለች። የምግብ ዝርዝር የሚባል ወረቀት ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ምን አለ ብላችሁ ብትጠይቋት "ያለው ይኸው ነው" ብላ ያለውን ታመጣለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ በልተዋል። ባለፉት አራት ዓመታት ደግሞ ሚስቱ አንድ ልማድ አምጥታ ነበር። ገና ሳትቀመጥ "እትዬን ሰላም ብያት ልምጣ" ትልና ኩሽና ገብታ ትቆያለች። እሱ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይጠብቃል።

"እዚያ ውስጥ ምንድን ነው የምታወሩት?" ሲላት፣

"አንተን ማማት ነዋ፣ ሌላ ምን ሥራ አለን?" ትለዋለች።

አፏ አይታሰርም ነበር። ያልጣማትን ነገር አልጣመኝም ትላለች፣ የፈለገው ይኮርፍ። እሱ ደግሞ ተቃራኒዋ ነው፤ ያረረ ቢያቀርቡለት "ጥሩ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ" ብሎ የሚውጥ ሰው። እትዬም "አንተ ዝምተኛ" እያለች ነው የምትጠራው።

ከዓመት በፊት መድኃኒት ቤቱ ያለበት ሕንፃ ተከራይ ቀየረና ሚስቱ ጡረታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት "በእግር መሄድ ለጉልበቴ ጥሩ ነው" እያለች ትወጣ ነበር። አንድ ጠዋት ሳትወጣ ቀረች። ሆስፒታል ገባች፣ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ተኝታ ሳለች "እትዬ ጋ ሂድ፣ ምሳህን እዚያ ብላ" እያለች ትጨቀጭቀው ነበር። እሱ ለሆዱ አስባለት መስሎት "እሺ፣ ጥሩ ነው" ይላል፣ ግን ከአልጋዋ ጎን ንቅንቅ አላለም።

የሚኖሩት በከተማው ሌላ ጫፍ ስለሆነ እትዬ መርዶውን የነገራት የለም። ከቀብሩ በአሥራ አንደኛው ቀን የሚስቱ ስልክ ጮኸ። እሱ አነሳው።

"የት ገባችሁ እናንተ? እሷስ የት አለች?" አለች እትዬ።

እንግዲህ ሰው አንዳንዴ ምን እንደሚያናግረው አያውቅም። አፉን ከፈተና፣ "እህቷ ጋ ሄዳለች" አለ። "ሩቅ ነው፣ ስልክም እንደልብ የለም።"

"ውይ! ደህና ናት ግን?"

"ደህና ናት። ሰላም በሉልኝ ብላለች።"

ስልኩን ዘግቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። አፈረ፣ ማፈሩስ ይገባው ነበር። ግን ለዚያች ለግማሽ ደቂቃ ሚስቱ ደህና ነበረች። ሩቅ ናት እንጂ ደህና ናት! ከዚያ ወዲህ እትዬ ወር በገባ ቁጥር ትደውላለች፣ እሱም ወር በገባ ቁጥር ወሬ ይጨምራል። ትንሽ ወፈር ብላለች። የእህቷን ጓሮ አበባ በአበባ አድርጋዋለች። ሰላም በሉልኝ ብላለች። ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እርሟን አውጥቶ ጨርሷል። ሚስቱ ያልሞተችው እትዬ ዘንድ ብቻ ነው። ሄዶ እንዴት ብሎ ይግደላት? ስለዚህ በዚያ ሰፈር ማለፍ እርግፍ አድርጎ ተወ፤ የሚስቱን ስልክ ግን አንድም ቀን ባትሪ ጨርሶ እንዲዘጋ አላደረገም።

ታዲያ አንድ ረቡዕ ከቢሮ የጥገና ወረቀት ሰጡት። አድራሻውን ሲያይ የድሮው መድኃኒት ቤት ሕንፃ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ ላይ በሩ አልዘጋ ያለ ሊፍት። ሌላ ሰው ላኩ ሊላቸው ፈልጎ ነበር፣ እንደ ልማዱ ግን "እሺ፣ ጥሩ ነው" አለ። ሄዶ በሩ የሚንሸራተትበትን መስመር ከቆሻሻ ጠረገ፣ የላላውን ብሎን አጠበቀ፣ በሩን አሥር ጊዜ ከፍቶ ዘጋና ወረደ። ምድር ላይ፣ ሚስቱ ስትቆምበት በኖረችው ቤት፣ አሥራ አንደኛው ቀይ ጥላ ተከፍቷል። መከፈቱን ሰምቶ ነበር፤ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።

የእትዬ ቤት መንገድ መሻገር ይጠይቃል። ቀይ ጥላው አምስት እርምጃ ነው። አንገቱን ቀብሮ ወደ ቀይ ጥላው ገባ። ስንት ሰው ነዎት? አንድ። ሹካዋ ተነሳች።

ከጀርባው ሁለት የባንክ ሠራተኞች ምሳ እየበሉ ነበር።

"ምነው ዛሬ እትዬ ቤት ሳንሄድ?" አለች አንደኛዋ።

"ተይኝ እባክሽ! ባለፈው እዚያ በልቼ ውሃ ስጠጣ ነው የዋልኩት። ጨው ነው እኮ፣ ጨው!"

"ወይኔ፣ እንዴት ያለ ቤት ነበር። ነገርሻት?"

"በምን አንደበቴ? ቀስ ብዬ ቀረሁ እንጂ።"

ሊፍት ጠጋኙ ማኘኩን አቆመ። በመስታወቱ አሻግሮ ቢያይ እትዬ ሽርጧን እንዳገለደመች በሯ ላይ ቆማለች፤ በምሳ ሰዓት ምግብ አብሳይ በር ላይ ሲቆም ቤቱ ባዶ ነው ማለት ነው። ፊቱን ሊያዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እትዬ የሚመጣውን መኪና በእጇ አስቁማ መንገዱን ተሻገረች።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ስንት ሰው ነዎት?" አለቻት በረኛዋ ልጅ።

"ስንት እመስልሻለሁ?" አለችና አልፋት መጥታ አጠገቡ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። "አንተ ዝምተኛ! በዓይኔ በብረቱ ያዝኩህ! እዚሁ አፍንጫዬ ሥር? ይሄን በማስመሪያ የሚቆርጡትን?"

"እትዬ፣ እኔ..."

"ዝም በል። አይዞህ፣ ለእሷ አልነግርብህም። ከሰማች ግን አለቀልህ። ተነሳ!"

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከፍሎ ተከተላት፣ ምን ያድርግ።

እትዬ ቤት አንድ ሽማግሌ ብቻ ተቀምጠዋል፣ ማሰሮ ሙሉ ውሃ ሊጨርሱ ምንም አልቀራቸው። ከኩሽናው በር አጠገብ ያለችው የእሱና የሚስቱ ጠረጴዛ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ፣ ሁለት ብርጭቆ።

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው" አላት።

"መቼ እንደምትመጣ በምን አውቄ? ሁልጊዜ ነው የማዘጋጀው።"

ፓስታውን በስጎ አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ጎረሰ። የጨው መዓት! እንደምንም ዋጠው። እትዬ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከታ ከላዩ ቆማ ትጠብቃለች።

"እ? እንዴት ነው?"

የሃያ ሁለት ዓመቱ መልስ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ጥሩ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። ግን የባንኳ ልጅ ድምፅ ጆሮው ውስጥ አለ፤ ቀስ ብዬ ቀረሁ። እሱስ ምን አደረገ? ያው ቀስ ብሎ ቀረ። ሹካውን አስቀመጠ።

"ጨው በዝቶበታል" አለ። "በጣም ነው የበዛው፣ እትዬ። አይበላም።"

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ በሚስቱ ቦታ። ባዶዎቹን ጠረጴዛዎች በየተራ አየቻቸው።

"ለዚህ ነዋ" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ቂል፣ ቀይ ጥላው ነው ሰዎቼን የወሰደብኝ ብዬ ስረግመው እውላለሁ። የሚነግረኝ አንድ ሰው እንኳ ይጥፋ? እሷ እዚህ ብትኖር በመጀመሪያው ቀን ነበር የምትነግረኝ።" ቀና አለች። "መቼ ነው የምትመጣው? ቁርጡን ንገረኝ።"

ከፊት ለፊቱ ያለችውን ሹካ አየ። ማንም አላነሳትም።

"አትመጣም።"

"እዚያው ልትቀር ነው?"

"ሞታለች፣ እትዬ። ሰባት ወሯ ነው።"

ኩሽና ውስጥ ስጎው ይንተከተካል። እትዬ አንዴ አየችው፣ አንዴ ሳህኑን አየች።

"ባለፈው ወር ሰላም በሉልኝ ብላለች አላልከኝም?"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ሰላምታው ከማን ነበር?"

"ከእኔ ነበር" አለ፣ እንባውም መጣ።

እትዬ ትከሻውን በጡጫ መታችው። ደግማ መታችው። "ቀብሯን ቀማኸኝ! ሰባት ወር ሙሉ ደህና ናት እያልኩ ስስቅ! አንተ ጨካኝ፣ ሳላለቅስላት!" ከዚያ እጇ ዛለና ትከሻው ላይ እንዳለ ቀረ፤ አለቀሰች። ሽማግሌው ሂሳባቸውን ጠረጴዛው ላይ ትተው በእግር ጣታቸው ወጡ።

"ይቅር ይበሉኝ" አላት። "ሌላ ቦታ ሁሉ ሞታብኝ ነበር። የቀረችኝ እዚህ ብቻ ነው።"

እትዬ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳችና ክንዱን ይዛ ኩሽና አስገባችው። ከጭልፋዎቹ ሁሉ ተለይታ በምስማር ላይ የተንጠለጠለች ትንሽ የእንጨት ማንኪያ አሳየችው።

"የእሷ ናት" አለች። "ከአራት ዓመት በፊት ያ ከባድ ጉንፋን ሲይዘኝ፣ ጉንፋኑ ሄደ፣ የምላሴ ጣዕም አልተመለሰም። ጨው ከስኳር አልለይም። መድኃኒት ስጪኝ ብዬ ሱቋ ሄድኩ። መድኃኒት የለውም አለችኝ። በነጋታው አራት ሰዓት ላይ በኋላ በር መጣችና፣ 'በይ አምጪው፣ ልቅመስልሽ' አለች። ከዚያ ወዲህ፣ 'ጉልበቴ አስቸግሮኛል' ብላ ደውላ እስከቀረችበት ቀን ድረስ፣ አንድ ቀን አላቋረጠችም። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ምግብ አብሳይ ምላስ የላትም ከተባለ አለቀልኝ ብዬ አስምያታለሁ። ለአንተም አልነገረችህም?"

"አልነገረችኝም።"

"ጡረታ ከወጣች በኋላም?"

"ለጉልበቴ ነው ትለኝ ነበር።"

አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያስኬደውን መንገድ አሰበው፤ ከቤታቸው እስከዚህ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበት፣ ለአንድ ማንኪያ ስጎ። ሆስፒታል ተኝታ እትዬ ጋ ሂድ፣ እዚያ ብላ ስትለው ስለማን ስትጨነቅ እንደነበር ገባው። ሐዘኑ ባሰበት፤ ደስም አለው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለው። ከሞተች ወዲህ ስለ ሚስቱ የማያውቀው ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

ከመውጣቱ በፊት እንደ ጠጋኝ ጠየቃት። "ጨው የሚለኩበት ማንኪያ የድሮው ነው?"

"ያው ነው። ጨዉ ነው የተቀየረው። ሻጩ የድሮው ጠፋ ብሎ ደቃቅ ደቃቁን አመጣልኝ።"

"ደቃቁ በአንድ ማንኪያ ብዙ ይገባል፣ እትዬ።"

"አዬ ጉድ!" አለችና ራሷን ያዘች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስም ዓርብም ምሳውን ቀይ ጥላ በላ፤ አንድ ነኝ አለ፣ ሹካዋ ተነሳች። ሰኞ ወር ገባ። ከእንግዲህ እትዬ ምን ብላ ትደውላለች? የምትጠይቀው ሰው የለ። ቢሆንም የሚስቱን ስልክ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ወጣ። ረፋዱ ላይ አንድ ሊፍት ጣሪያ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ጮኸ።

"እንዴት ነህ?" አለች እትዬ።

ሰባት ወር ሙሉ እሷስ፣ እሷስ ስትለው ነው የኖረችው፤ ስለ ራሱ ጠይቃው አታውቅም። "ደህና ነ..." ብሎ ጀመረና ዋጠው።

"ደህና አይደለሁም" አለ።

"እኔም አይደለሁም። ነገ በአራት ሰዓት በኋላ በር ና። ሆድህን ባዶ አድርገህ ና፣ ቅመስልኝ።"

"እትዬ፣ የእኔ ምላስ እኮ እንደ እሷ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች እትዬ። "ያለው ይኸው ነው።"