ግራዝማች የጠፋበት ፓርቲ

ወይዘሮ እታለማሁን ያናደዳቸው ማንበብ አለመቻላቸው አይደለም። ማንበብ እንደማይችሉ በቴክሳስ የካሮልተን ከተማ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ደብቀው አያውቁም። ያናደዳቸው፣ ፓርቲው በተመሠረተ ቀን ለመናገር እጃቸውን ቢያወጡ ጸሐፊው ጥዑመልሳን፣ «እማማ፣ ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው» ማለቱ ነው።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ነው። በዚያ ሰሞን ሁለት ሐበሻ በተገናኘበት ሁሉ ፓርቲ ይቋቋም ነበር። ሙሉጌታ የሚባል የኤርፖርት ታክሲ ነጂም «የነባር ሥርዓት ፓርቲ»ን በአፓርትመንቱ ክለብ ሃውስ፣ በተከራዮቹ የጋራ አዳራሽ ውስጥ አቋቋመ። ዓላማው ደርግ ያፈረሰውን መመለስ ነው፦ ዘውዱን፣ ሥርዓቱን፣ ማዕረጉን። ዘውዱን ከካሮልተን ሆኖ መመለስ ስላስቸገረ ከማዕረጉ ተጀመረ።

«ጓድ» ማለት ተከለከለ። «ሊቀ መንበር»ም ደርግ ደርግ ይሸታል ተብሎ ተጣለና ሙሉጌታ ደጃዝማች ሆነ። ጥዑመልሳን ፊታውራሪ ተባለ። ወሬው ጎረቤት ከተማ ግራንድ ፕሬሪ ሲደርስ፣ መጋዘን ውስጥ «ሄይ ዩ» እየተባለ ካርቶን ሲሸከም የሚሰነብተው ሁሉ እሑድ ቀኛዝማች ሊባል ጎረፈ። መኪና ፓርክ የሚደረግበት ጠፋ። ሙሉጌታ ይህንን ሲያይ አገር የተነሣ መሰለው።

ስብሰባው የሚከፈተው በኅሊና ጸሎት ነው። ደርግ የገደላቸው መሳፍንትና መኳንንት በየስማቸው ይጠራሉ፣ ሰው ቆሞ ዝም ይላል። እታለማሁ በምሥረታው ቀን እጃቸውን ያወጡት ለዚህ ነበር። አባታቸው ግራዝማች እንግዳ ወርቄ ደርግ እስር ቤት ገብተው ቀርተዋል፤ ተለቅሶላቸው አያውቅም። ስማቸው አንድ ቀን ሰው ፊት ይጠራ ነው ያሉት።

ጥዑመልሳን ጉሮሮውን ጠረገ። «ማለቴ፣ ግራዝማች ለመሆናቸው ማስረጃ አለዎት?»

«ደርግ ማስረጃ ሳይጠይቅ ነው የወሰዳቸው።»

«ኦኬ፣ እናየዋለን።»

ማየቱ ቀርቶ ሌላ ጣጣ መጣ። ከሮውሌት ከተማ የሚመጣ ነቢዩ የሚባል ሰው ግራዝማች ተብሎ ተሾመ። ከኋላው አንዱ፣ «ከግራ ሸሽተህ ቴክሳስ ድረስ መጥተህ እዚህም ግራ ሆንክ?» አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ነቢዩ ግን አልሳቀም።

«እኔ ግራ ዘመም ያሰረኝ ሰው ነኝ። ሶ፣ ወይ ቀኝ አድርጉኝ ወይ ልውጣ።»

ሦስት እሑድ ሙሉ ተከራከሩ። በነባር ሥርዓት ፓርቲ ውስጥ ግራ ምን ይሠራል? ሰው ምን ይለናል? እታለማሁ ተራ ሳይሰጣቸው ከወንበራቸው ሆነው፣ «ግራዝማች ማለት ጦር ሲሰለፍ የግራውን ክንፍ የሚመራ ነው። አባቴ በግራ ቆሙ እንጂ ግራ አልገባቸውም። ግራ የገባችሁ እናንተ ናችሁ» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ ፖለቲካ ነው» አላቸው ጥዑመልሳን።

ድምፅ ተሰጠና ግራዝማች የሚባል ማዕረግ ከፓርቲው ተሰረዘ። ግራዝማች የተባለ ሁሉ ቀኛዝማች ሆነ። ያን ጊዜ የቀድሞዎቹ ቀኛዝማቾች፣ ከትናንት ግራ ጋር እንዴት እኩል እንሆናለን ብለው ፊታውራሪነት ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ፊታውራሪዎቹም አኮረፉ። ለፋሲካ ክለብ ሃውሱ ውስጥ ደጃዝማች ያልሆነ ወንድ አልነበረም።

ደጃዝማች ደግሞ ወንበር አይዘረጋም። ታጣፊዎቹ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ፣ ሰዉ ቆሞ ተሰበሰበ፣ እግሩን ሲያመው ተጣላ። ሮውሌቶች የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ግራንድ ፕሬሪዎች ደግሞ ከሮውሌቶች የባሰ ነባር ነን ብለው ሌላ። ጥዑመልሳን እንኳ ሂውስተን ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ፤ እዚያም ደጃዝማች ነኝ እያለ ነው አሉ።

አራት ዓመት ሳይሞላ ሙሉጌታ አንድ እሑድ እታለማሁን በታክሲው ይዟቸው መጣ። ክለብ ሃውሱ ውስጥ ሁለት ወንበር ራሱ ዘረጋ።

«እማማ፣ ፓርቲውን ልዘጋው ነው። ደንቡ ቢያንስ ሁለት ድምፅ ይላል። እርስዎና እኔ ብቻ ነን የቀረነው። እጅዎን ያውጡልኝና እንገላገል።»

እታለማሁ ሁለቱንም እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

«ስብሰባ በምንድን ነው የሚከፈተው?»

«በኅሊና ጸሎት። ግን አሁን ለሁለት ሰው...»

«ለአንድ ሰው ነው።»

ሙሉጌታ በመስኮት ታክሲውን አየ። «እሱ ማዕረግ እኮ በድምፅ ተሰርዟል፣ እማማ።»

«የሰረዙት የሉም። እኔ አለሁ። ተነሥተህ ቁም። ኮፍያህን አውልቅ። ‹ግራዝማች እንግዳ ወርቄ› በል፤ ‹ግራ› የምትለዋን እንዳትውጣት። ከዚያ ዝም በል፣ በቃ እስክልህ ድረስ።»