ቢርማል

እስከ ሰማንያ ሰባት ዓ.ም. ድረስ ነገሌ ላይ ድርቅ የጣላትን ላም ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጅራቷንና ጎኗን ይዞ ሲያቆማት «የተነሣች» ትባል ነበር፤ ሌላ ስም አልነበራትም። በሰማንያ ስምንት ወልደሥላሴ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ቢርማል የሚባለው የሕንድ አክተር በየፊልሙ ይመታል፣ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ ግን ይነሣል። ዓመት ሳይሞላ ከፊልቱ እስከ ወደራ የተነሣች ላም ሁሉ «ቢርማል» ሆነች። በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ ቃሉ ቀረ።

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት መጋቢት፣ ዝናብ ሳይጥል፣ ወልደሥላሴ ራሱ ከብት ገበያ ወጣ። ልጁ ቅድስት መንታ ወልዳ ጡቷ አልበቃ ብሏል፤ የቤቱ አቅም ደግሞ ከአንዲት ላም አያልፍም። ብትሞትበት ሌላ የለም።

«አካም ጋሼ፣ ናጋ?» ሲል ሰላም አለው ሻጩ ገልገሎ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ይዞ።

ወልደሥላሴ ዞራት። የጅራቷ ሥር ፀጉሩ ተመልጧል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ገመድ ነው ጋሼ።»

«ጅራቷን ነው የምታስረው?»

ደላላው አብዱባ ሳቀ። «ስሙን ያመጡት አንቱ፣ የሚፈሩትም አንቱ!»

«ስለማውቀው ነው። ገልገሎ፣ ቢርማል ናት?»

«አይደለችም። አይደለችም ጋሼ።»

ሁለቴ ማለቱን ወልደሥላሴ ያዘበት። «እንግዲያው ትተኛና ራሷ ትነሣ። እጠብቃለሁ።»

«ይጠብቁ» አለ አብዱባ። «እጅዎን ግን ይሰብስቡ። በኛ ገበያ ጅራት ይዞ ያነሣ ገዛ ነው።»

ገበያው ሳሳ። ላሟ እግሯን ትቀያይራለች እንጂ አትተኛም። መነሣት የከበዳት ላም መተኛት እንደምትፈራ ያውቃልና ጥርጣሬው ባሰ። ገልገሎም ከጎኗ አይርቅም።

«ፈቀቅ በል» አለው ወልደሥላሴ። ትንሽ ቆይቶ ደገመለት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተኛች። ጥጃው ጮኸ። የላሟ የኋላ አካል እስከ ግማሽ ከፍ አለና እዚያው ተንቀጠቀጠ። አብዱባ የድሮውን የቢርማል ፊልም ዜማ በፉጨት ጀመረ።

«ማንም እንዳይነካት!» አለ ወልደሥላሴ።

ይህን ሲል እጁ የተመለጠው ቦታ ላይ ነበር። ሽቅብ ሳባት። ቆመች።

ፉጨቱ ተቋረጠ። ብቻዋን ትነሣ ነበር ወይስ አትነሣም፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም።

«ገዙ» አለ አብዱባ።

ወልደሥላሴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ገልገሎ ዞረ። «እውነቱን ንገረኝ። ስንቴ ተነሣች?»

ገልገሎ ገመዱን አቀበለው። «የአንቱን ጨምሮ ሁለቴ።»

ዝናቡ በሚያዝያ ጣለ። እስከዚያ ሦስት ጊዜ አነሷት፤ በሰኔ ከጥጃው ተርፎ ጠዋት ጠዋት አንድ ሊትር ተኩል ትታለብ ነበር።