ምኗ ነሽ?

የሚያዝያ ፀሐይ የሆስፒታሉን ግቢ ያነደዋል፤ ማናዬ ግን ጋቢዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። አዜብ ከጎኗ ተቀምጣ የሚያውቃት ሰው እንዳያልፍ ግራና ቀኝ ታያለች።

ጠዋት የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «ምኗ ነሽ?» ሲላት «ዘመዷ ነኝ» ብላው ነበር። ውሸት አይደለም፤ እናት ዘመድ አይደለችም ያለ የለም። ማናዬ ከኋላዋ ቆማ ትሰማ ነበር።

ማናዬን ከኮሶዬ ያመጣት የራሷ ወንድም ዋሴ ነው። «እርሻ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ጎንደር ያለሽው አንቺ ነሽ፤ አሳክሚያት» ብሎ ትናንት አዜብ የምትማርበት ኮሌጅ በር ላይ አስረክቧት በመጣበት መኪና ተመለሰ።

አዜብ ያደገችው በአባቷ እናት በአምሳል እጅ ነው። «እማ» የምትለውም አምሳልን ነው፤ የወለደቻትን በስሟ ትጠራታለች። አምሳል ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያወራችላት ያመነችውን ነው። «በተወለድሽ ማግስት ጡቷን ነፈገችሽ፤ በላም ወተት ያሳደግሁሽ እኔ ነኝ» ትላታለች። ነፈገች ማለት ደግሞ እያላት ከለከለች ማለት ነው። ወላድ በድባብ ትሂድ ይባላል፤ ማናዬ ግን ከአራስ ቤት ወደ ወንድሟ ቤት ተሸኘች። ከዚያ ወዲህ አገሩ የሚያውቃት በልግመኛነቷ ነው። እሳት ዳር ተቀምጣ የሚበርዳት፣ አንድ እንስራ ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ሴት ሆነች። አዜብ በዓመት በዓል ልትጠይቃት ስትላክ እንኳ ደጃፍ ላይ ቆማ ትመለስ ነበር።

ተራቸው ደረሰ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የደም ምርመራውን ውጤት ደጋግማ አየችና የማናዬን የሳሳ ቅንድብና ያበጠ ፊት ተመለከተች።

«እናቴ፣ ሲወልዱ ብዙ ደም ፈስሶዎት ነበር?»

ሐኪሟ «እናቴ» ያለችው ለአክብሮት ነው፤ ቃሉ ግን አዜብን ወጋት።

«ኧረ መደቡ እስኪርስ!» አለች ማናዬ በሻከረ ድምፅ። «ሞታለች ብለው አልቅሰዋል አሉ።»

«ከዚያ በኋላ ወተት ወርዶልዎት ነበር?»

ማናዬ ወደ አዜብ ሳታይ መለሰች። «ጠብም አላለ። ጡቴ እስኪደማ አጠባኋት። ምን ላርግ?»

«የወር አበባስ?»

«ያኔ እንደቀረ ቀረ።»

ሐኪሟ ወደ አዜብ ዞረች። ከአንጎል ሥር አተር የምታህል ዕጢ እንዳለች፣ ፒቱታሪ እንደምትባል፣ በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስ እሷም ደም አጥታ ልትሞት እንደምትችል አስረዳቻት።

«ጡት ወተት እንዲሰጥ፣ አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ገላን እንዲያሞቅ የምታዘው እሷ ናት። አዛዧ ከሞተች ማን ይሥራ? ሰው ሰነፍ ብሏቸው ይሆናል፤ ታመው ነው የኖሩት። እስከ ዛሬ መቆየታቸውም ይገርማል።»

አዜብ አንገቷን ደፋች። «እናቴ ጡት የነፈገችኝ ነኝ» እያለች ለጓደኞቿ ስንት ጊዜ አውርታለች! ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ግን ማናዬ ብላ ጠርታ ይቅርታ እንዴት ይባላል?

በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሠራተኛው ሁለት ዓይነት እንክብል አስቀመጠላቸው።

«ይሄ ለታይሮይዱ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ይወሰዳል። ይሄኛው ለአንድ ቀን እንኳ ከተቋረጠ አደጋ አለው። ሁለቱም ዕድሜ ልክ ናቸው፤ አስታዋሽ ያስፈልጋቸዋል።» ቀና ብሎ አዜብን አየ። «አንቺስ ምናቸው ነሽ?»

አዜብ አፏን ከፈተች። ማናዬ ቀደመቻት።

«ዘመዴ ናት።»

«ልጇ ነኝ!» አለች አዜብ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ፤ ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ።

ሠራተኛው ሳቀ። «እናንተ መጀመሪያ ተስማሙ እንጂ!»

ማናዬ አልሳቀችም። መድኃኒቱን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረች፤ ከዚያ የአዜብን ክንድ በቀዝቃዛ እጇ ይዛ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ምነው አዜቤ፣ ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? እማሽ ብትሰማ ይከፋታል።»