መሐል ላይ የቀረው ቁም ሳጥን

ቤት ውስጥ «የዶሮ ሐኪም» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ ማሞቂያ ውስጥ ጥቂት ቀን የቆየ እንቁላል ቅርፊቱን በትንሽ መቀስ ቆርጬ፣ የጽንሱን ልብ በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ልብ ሲጀምር ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። አንዱ ዘረመል ምታ ይለዋል፣ ሌላው ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ሌላው ደግሞ መሐልህ ላይ ግድግዳ አቁም። እኛ አንዱን ዝም እናሰኝና ልቡ የቱ ጋ እንደሚቀር እንመዘግባለን። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔዎቹ ከሳምንት አያልፉም።

የእህቴ ልጅ በተወለደ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ልቡ መሐል ግድግዳ አልነበረውም። አላለቀስኩም። በማግስቱ ሥራ ገብቼ አርባ እንቁላል ከፈትኩ፤ እጄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ልመካበት አይደለም የምናገረው፤ ደንዝዤ ነበር።

እህቴ ጥፋቱን ለራሷ ወስዳዋለች። በአምስተኛ ወሯ ለልጁ አልጋ ቦታ ላስለቅቅ ብላ ቁም ሳጥኑን ስትገፋ፣ እናታችን ደርሳ ጮኸችባት። ደንግጣ ተወችው፤ ቁም ሳጥኑም መኝታ ቤቱ መሐል እንደተገተረ ቀረ። ከቀብሩ በኋላ እናቴ «አትግፊ ብዬሽ ነበር» አለቻት፤ አንዴ ብቻ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እህቴ ከዚያ ወዲህ በቁም ሳጥኑ ጎን ተሽሎክሉካ ታልፋለች እንጂ አትነካውም።

የልጁ ሐኪም ምክንያቱን ለማወቅ የሁላችንንም ደም አስመርምሮ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እህቴ ፖስታውን ሳትከፍት ሰጠችኝ።

«አንቺ ታውቂበታለሽ። እኔ ነኝ ወይ የገደልኩት? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

መኝታ ቤቷ ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«የልቡ ግድግዳ የሚሠራው በሁለተኛው ወር ነው» አልኳት እህቴን። «አንቺ ስትገፊ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። አንዱ ዘረመል ተበላሽቶ ነው። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«ከየት መጣ ታዲያ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ወረቀቱን የምረዳው እኔ ብቻ ነኝ። ግን ለውሸትም ጉልበት ያስፈልጋል።

«ከእማዬ» አልኩ። «ለአንቺም ለእኔም። ከአንቺ ደግሞ ለእሱ።»

እህቴ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እናቴ ከበሩ ወደ ውስጥ ገባች።

«እኔን እኮ አሞኝ አያውቅም።»

«አንዳንዱን አያመውም፣ እማዬ።»

«ከእናንተ በፊት የሞተብኝስ? የመጀመሪያው?»

ስለ እሱ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። «ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

«ባልዲ ተሸክመሽ ነው አሉኝ» አለች። «አርባ ዓመት ሙሉ ባልዲው ነው ስል ኖርኩ።»

ወደ ቁም ሳጥኑ ሄዳ ትከሻዋን አስጠጋች።

«ምን ትገተራላችሁ? ግፉ እንጂ!»

እህቴ ተነሥታ ከጎኗ ቆመች። እኔም እጄን አደረግሁበት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።