የአቶ አስናቀ ጋቢ

ሙና ነስሩ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ባለች አንዲት ክፍል የሠርግና የተዝካር ቪዲዮ ታቀናብራለች። ኮምፒዩተር ሳይንስ ተምራለች፤ በዚህም ትንሽ ትኮራለች። ደንበኛ ቅር ሲለው ጥፋቱ ሁልጊዜ የስልኩ ወይም የቴሌቪዥኑ ነው፤ የእሷ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ እማማ ጥሩወርቅ ስክሪኑን አይተው ፊታቸውን ሲያዞሩ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው «ስልኩ ነው» የሚል ነበር።

እማማ ጥሩወርቅ ከጉና ግርጌ ድረስ የመጡ ናቸው። ባላቸው አቶ አስናቀ ሦስት ወር ታመው ከሞቱ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለሙት ዓመቱ ዘመድ አዝማዱ የሚያየው አጭር ማስታወሻ እንዲሠራላቸው አዝዘዋል። የሟቹ ተንቀሳቃሽ ምስል ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሙና ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው አገር ለሠርግ ሄዳ በአዲሱ ስልኳ ያነሣችው፣ አርባ ሰከንድ የማይሞላ። አቶ አስናቀ በእኩለ ቀን ፀሐይ አውድማው ዳር ቆመው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መንሹን ተደግፈው ይስቃሉ።

«ይሄ የታመመ ለት ነው» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ኧረ የለም፣ እማማ። ያኔ ደኅና ነበሩ። ገብስ ሲወቃ እኮ ነው።»

«እንግዲያ ምን አመድ አለበሰው? ይሄን ፊት ሦስት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜያለሁ። ለዘመድ አላሳይም። እንዲህ ከሆነ ይቅር።»

ሙና ጥፋቱ የስልኩ መሆኑን ልታሳያቸው ስልኳን አወጣችና ያንኑ ምስል ከፈተችላቸው። በስልኩ ላይ አቶ አስናቀ ደኅና ናቸው። ግንባራቸው ያበራል፣ ጉንጫቸው ደም አለው። እማማ ጥሩወርቅ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና ወደ ኮምፒዩተሩ መልሰው አዩ።

«ስልኩስ ምንም አላጠፋ» አሉ።

ሙና አፈረች። ስልኩን እንደ ጽዋ በየተራ ለዘመድ ማዞር አይቻልም፤ ምስሉ ከፎቶግራፎቹ ጋር ተቀነባብሮ በቴሌቪዥን ነው የሚታየው። ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሳ ቀዩን ቀለም ከፍ ብታደርግ ሰማዩም ገብሱም ቀላ፤ ዝቅ ብታደርግ አመዱ ተመለሰ። እማማ ጥሩወርቅ ከኋላዋ ቆመው ያያሉ።

«ጋቢውም የሱ አይደለም» አሉ።

«እንዴት አይደለም?»

«ይሄማ ወረቀት ነው። የሱን ጋቢ እኔ ነኝ የፈተልሁት፣ የሸመኑት አባትሽ ናቸው። እሳት ዳር ሲቀመጥበት ኖሮ ወደ ቅቤ ሄዷል። ትከሻው ላይ ተቀዶ የጣፍሁት አለ። የታል?»

ሙና አየች። ጋቢው እጥፋት የለው፣ ጥፈት የለው፣ ዝም ያለ ነጭ ነው። ሦስት ቀን ስታየው ሰንብታ አንዴም አልጠረጠረችም፤ የሸማኔ ልጅ ናት፣ ነጭ ጋቢ አይታ ምን ልትል ኖሯል? ለካ ቀለሙን አጣርታ ማየት የነበረባት እዚያ ላይ ነው።

እማማ ጥሩወርቅ እንደሄዱ ወደ ፕሮግራሙ ኮድ ገባች። የምትጠቀምበት ማቀናበሪያ በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላው የቻለ ሁሉ ነው። ቀለም የሚያስተካክለው ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ፕለጊን የሚሉት፣ ግን የቆየ ነው። እሱ በተጻፈ ጊዜ የምስል ብርሃን ከዜሮ እስከ አንድ ይቆጠር ነበር፤ አለቀ። የእሷ ስልክ የሚቀርጸው፣ ኤችዲአር የሚሉት ምስል፣ ፀሐይ የመታውን ነገር ሁለትም ሦስትም ብሎ ይመዘግባል። ፕለጊኑ ከአንድ በላይ መቁጠር አያውቅም። መግቢያው ላይ ባለች አንዲት መስመር፣ እህል ሰፋሪ ከቁናው አፍ በላይ ያለውን በእጁ እንደሚጠርግ፣ ትርፉን ሁሉ ይጠርገዋል። ከጋቢው ላይ የተጠረገው እጥፋቱና ጥፈቱ ነው። ከአቶ አስናቀ ግንባርና ጉንጭ ላይ የተጠረገው ደማቸው ነው።

መስመሯን አጠፋቻትና «በቃ» አለች። አልበቃም። ቀለሙ የሚመነዘርበት ሰንጠረዥም አንድ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ከዚያ በላይ የመጣውን የሚያስገባበት ስላጣ ጥቁር አደረገው። አቶ አስናቀ ጉንጫቸው ላይ ሁለት ጉድጓድ ይዘው ሳቁ። ሙና ይህንን ማንም ባለማየቱ አላህን አመሰገነች።

ሰንጠረዡን እስከ ላይ አርዝሞ መጻፉ፣ ከዚያም ያንን ሁሉ ብርሃን ለተራ ቴሌቪዥን እንዲመጥን ቀስ አድርጎ ማሳነሱ አንድ ሳምንት ወሰደባት። ትክክል መሆኑን ግን በዓይኗ ማመን አልቻለችም፤ ዓይኗ አንዴ አታልሏታል። እማማ ጥሩወርቅ ጋቢውን እንዲያመጡላት ላከችባቸው። በገበያ ቀን በፌስታል ጠቅልለው አመጡት። እኩለ ቀን ላይ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አስጥታ በዚያው ስልክ አነሣችው፤ ከዚያ የአውድማውን ጋቢ ከገመዱ ጋቢ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያየች። ገጠሙ።

«አሁን ይዩት» አለች። ስለ ስልክም ስለ ቴሌቪዥንም ምንም አልጨመረችም።

እማማ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ያዩት ጥፈቱን ነው። በጣታቸው ስክሪኑን ነኩት። ከዚያ ቀና ብለው ፊቱን አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«እሱ ነው» አሉ። አለቀሱም። ሙናም አብራ አለቀሰች፤ በሥራዋ ደስ ብሏትም ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ሆነባት።

ሲረጋጉ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። በየአገሩ ሆነው ፕሮግራሙን የሚንከባከቡት ሰዎች የላከችላቸውን ማስተካከያ ወደውታል፤ ነገር ግን የሚፈተንበት አጭር ምስል አብራ እንድትልክ ይፈልጋሉ። ከአቶ አስናቀ ምስል ላይ አምስት ሰከንድ ብትልክላቸው ይፈቅዱ እንደሆነ።

«ማን ሊያየው?»

«ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያገኘው ይችላል፣ እሱን አልደብቅዎትም። ዋናው ተመልካች ግን ፕሮግራሙን የሚፈትነው ማሽን ነው። ማንም ሰው ፕሮግራሙን በነካካ ቁጥር ማሽኑ የአቶ አስናቀን ፊት አውጥቶ ያመሳክራል። መልካቸው አመድ ከመሰለ ሥራውን አልቀበልም ይላል።»

«ሁልጊዜ?»

«ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ።»

እማማ ጥሩወርቅ ወደ ግቢው ወጥተው ጋቢውን ከገመዱ አወረዱ። እያጠፉት ጥፈቱን ወደ ላይ መለሱት።

«እንግዲያ ከእንግዲህ አይታመምም በይኛ» አሉ።

«አይታመሙም፣ እማማ» አለች ሙና።